በገዛ ድንኳኑ ድንኳን ሰባሪ

«እናንተ ብቻ ኑ፤ ድንኳኑ ተተክሎ ይጠብቃችኋል።»

የቅዳሜና እሁድ ጉዞ ማስታወቂያዎች ላይ እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ለብዙዎቻችሁ ደስ የሚል ግብዣ ነው። እኔ ግን ይህን ዓረፍተ ነገር ልጣላው ነው የመጣሁት። ቤተሰቡን መኪና ውስጥ ጭኖ ሜዳ ላይ ሊያድር የሄደ ሰው፣ ድንኳኑን ሌላ ሰው ከተከለለት ምን ሊያደርግ ሄደ?

ሳይጠራ ሰርግ የሚገባን ሰው ድንኳን ሰባሪ እንለዋለን። ድንኳኑ ሲተከል አልነበረም፣ ሲነቀልም አይኖርም፤ መሀል ላይ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ተተክሎ የጠበቀው ድንኳን ውስጥ ገብቶ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ ቤተሰብ ከዚህ ሰውዬ የሚለየው ደረሰኝ በመያዙ ብቻ ነው።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። «ሳምንቱን ሙሉ በሥራና በትራፊክ አልቀናል። የምንሄደው ለማረፍ ነው እንጂ ካስማ ልንቀጠቅጥ ነው እንዴ?» ድካሙ እውነት ነው፣ አልክድም። እኔም እንደዚያው እል ነበር፤ ወንጪ እስካድር ድረስ።

ወንጪ የሄድነው አምስት ሆነን ነው፤ አባዬ፣ እማዬ፣ ሁለቱ ታናናሾቼና እኔ። ስንደርስ ትልቅ ድንኳን ቆሞ ጠበቀን። ገባን፣ ወጣን፣ ፎቶ ተነሳን። ከመሸ በኋላ ብርዱ መጣ። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለ ቦታ ነውና ብርዱ ቀልድ አያውቅም። እማዬ ቡና የተፈላበትን ከሰል ከነምድጃው ወደ ውስጥ አስገባች። ቤት ውስጥ ስንቴ ያደረግነው ነገር ነው፤ ማንም «ተይ» አላላትም። ዚፑን ጥርቅም አድርገን ዘግተን ተኛን።

ሌሊት እህቴ ስታቃስት ነቃሁ። ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል። ልነሳ ብል ጉልበቴ ከዳኝ። አባዬ በጨለማ ሸራውን ይዳብሳል፤ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶታል። እማዬ ናት በመጨረሻ ዚፑን ያገኘችው። እየተጎተትን ወጥተን ሳሩ ላይ ወደቅን። እህቴ አስመለሳት። እስኪነጋ ድረስ መኪናው ውስጥ ተቃቅፈን ተቀመጥን።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ተኝታችሁ ይገድላችኋል። መስኮት ቢከፈትም ባይከፈትም ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። እኔን ግን ከዚያም በላይ ያብሰለሰለኝ ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ድንኳኑን ዞሬ ሳየው አናቱ ላይ አየር ማስወጫዎች ነበሩት፤ ሁሉም ዝግ። አምስት ሰው የተኛበትን ቤት አንዳችንም አናውቀውም ነበር። መውጫው የት ነው? መተንፈሻው የት ነው? የተከለው ሰው ያውቃል፤ እሱ ደግሞ ቤቱ ሄዶ ተኝቷል። ጥፋቱን በሰውዬው ላይ አላላክክም። «ተክለህ ጠብቀን» ያልነው እኛ ነን።

«ካምፒንግ የፈረንጅ ነገር ስለሆነ ነው የማናውቅበት» የሚሉም አሉ። ይቅርታ፣ ይሄ አይዋጥልኝም። ከተመ ማለት እኮ ሰፈረ ማለት ነው፤ «ከተማ» እና «ሰፈር» የምንላቸው ቃላት ራሳቸው ከጦር ሰፈር የወጡ ናቸው። ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን የሚያስተዳድሩት ከድንኳን ነበር። ደጃዝማች፣ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች ስንል በዚያ ሰፈርና ሰልፍ ውስጥ ማን በየት በኩል እንደሚቆም እየተናገርን ነው። አዲስ አበባስ? እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ከማሠራታቸው በፊት፣ ከእንጦጦ ወርዶ ፍል ውሃ የሚታጠበው ቤተ መንግሥት የሚያርፈው በድንኳን ነበር። በድንኳን የተጀመረች ከተማ ልጆች ሆነን «ድንኳን አናውቅበትም» ስንል ያሳፍራል።

ደግሞም እናውቅበታለን። ለቅሶ ሲደርስ የእድሩ ድንኳን እስኪቆም ድረስ የሰፈር ልጅ እጁን ኪሱ ከትቶ አይቆምም፤ አንዱ ምሰሶ ይይዛል፣ አንዱ ገመድ ይወጥራል። ለሐዘን በነፃ የምንሠራውን ሥራ ለደስታችን ጊዜ ሰው መቅጠራችን አይገርምም?

ከወንጪ በኋላ አባዬ የስድስት ሰው ድንኳን ገዛ። «የስድስት ሰው» ማለት ስድስት ሰው እንደ ሰርዲን ተደርድሮ ይተኛበታል ማለት ነው፤ ለአምስት ሰው ከነሻንጣው እንኳ ጠበብ ይላል። መጀመሪያ ግቢያችን ውስጥ ሞከርነው። አባዬ መመሪያውን ወረወረው፤ «እኔን ድንኳን ልታስተምሩኝ ነው?» አለ። ለብቻው ሲታገል ቆይቶ ያቆመው ነገር ሊነሳ የሚታገል ግመል ይመስል ነበር። ትንሹ ወንድሜ መመሪያውን አንስቶ ሥዕሉን አየና «አባዬ፣ ረጅሙ ዘንግ በዚህ ነው» አለው። አባዬ ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። ቤተሰብ ሆነን ድንኳን መትከል የጀመርነው ያኔ ነው።

ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ላንጋኖ ላይ ሥራ ተከፋፈልን። እማዬ ቦታ መረጠች፤ ውሃ የማይተኛበት፣ ከላዩ ደረቅ ቅርንጫፍ የሌለበት። ወንድሜ የግራር እሾህ ለቀመ፤ አንዲት የተረሳች እሾህ ወለሉን ትበሳዋለች። ከሥር ሸራ አነጠፍን፤ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፍነው፤ ወደ ውጭ ከተረፈ ዝናቡን ሰብስቦ ከሥራችን ያስገባዋል። በሩን ከነፋሱ አዞርን። ነፋስ የሚመጣበትን ጎን መጀመሪያ በካስማ ያዝን። ዘንጎቹን ገፍተን እንጂ ጎትተን አላስገባንም፤ ከተጎተቱ መጋጠሚያቸው ይላቀቃል።

ከዚያ ማንሳት። ሁለት የሚቆላለፉ ዘንጎች አራት ጫፍ አላቸው። ለአራት ጫፍ አንድ አባት አይበቃም። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ተነሳ። ካስማዎቹን አናታቸውን ወደ ውጭ አጋድለን መታን፣ አውታሮቹን ወጠርን። አየር ማስወጫዎቹን ማንም ሳያዛት እህቴ ከፈተቻቸው። ከሰሉ ውጭ ቀረ፤ እማዬ ራሷ ውሃ ደፋችበት።

ሌሊት ነፋስ ተነስቶ አንድ አውታር ላላ። ሸራው ሲማታ ወንድሜ ባትሪውን አንስቶ ወጣ፤ የትኛው ካስማ እንደተነቀለ መፈለግ አላስፈለገውም። የመታው እሱ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ለአቅመ ደካማ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሽማግሌ ድንኳን ይተከልላቸው፤ ወጉም ይኸው ነው። እጅና እግር ያለን ግን «ኑ ብቻ» ሲሉን እንዲህ እንበላቸው፦ «ድንኳኑን ከነጥቅሉ አስቀምጡልን። መዶሻውንም አትርሱ።»