አለቃ፣ ሠራተኛና መዝገብ ቤት

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች በአለቃና በበታች ሠራተኛ መካከል የሚነሳ ጠብ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ተጀምሮ በቃል የሚያልቅ ሲሆን፣ ሠራተኛው ቁጣውንም የተምታታውንም ትእዛዝ ውጦ ከርሞ አንድ ቀን በንዴት መልቀቂያ ያስገባል፣ አለያም በሻይ ሰዓት ለባልደረቦቹ አማርሮ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ቢሮ ከገባ ሰንብቷል። ሕጉ ግን በዚህ አይስማማም፤ የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው ሕግ የሚተዳደሩ ቢሆንም፣ የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26፣ ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ደንግጓል።

ሠራተኛውን የሚጎዳው አለቃው የሚጽፍ፣ እርሱ ግን የሚናገር መሆኑ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም ጥፋትን ገልጾ በሠራተኛው የግል ማህደር ውስጥ የሚቀመጥ ደብዳቤ፣ ክብደቱ ከጩኸት ይልቃል፤ በአንቀጽ 27 መሠረት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ እንኳ ለስንብት የሚያበቃው ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው የደገመው እንደሆነ ነው። ስለዚህ ያላመነበትን ማስጠንቀቂያ «ደርሶኛል» ብሎ ፈርሞ በመሳቢያው የሚቆልፍ ሠራተኛ ማህደሩን ለአለቃው ብቻ ትቶለታል። መልሱ ረጅም መሆን የለበትም፦ ቀኑ፣ የታዘዘው ሥራ፣ ያዘዘው ሰውና የተሠራው ነገር ያለ ቅጽል ተጽፈው፣ ለሰው ሀብት አስተዳደር ግልባጭ ተደርጎ፣ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት በኩል ይገባል፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም በገቢ መዝገብ አስፍራ ቁጥርና ቀን የተጻፈበትን ቅጂ ትመልሳለች። ያቺ ቅጂ ቤት ትቀመጥ።

ሁሉም አስቸጋሪ አለቃ ግን የሕግ ጉዳይ አይደለም። ቁጡው፣ ምስጋና የሚሰስተው፣ ከሥራ መዘርዝር፣ ማለትም የአንድን የሥራ መደብ ተግባራት ከሚዘረዝረው ሰነድ ውጪ የሚያዘው ሰው በቅድሚያ ለብቻው ሊነገረው ይገባል፤ በስብሰባ ፊት የታረመ አለቃ ነገሩን የክብር ጉዳይ ስለሚያደርገው፣ እውነት የያዘው ሠራተኛ እንኳ ከዚያ በኋላ ጠላት አፍርቷል።

ድርጊቱ ከዚህ አልፎ የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ከሆነ፣ አንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅን ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 33 ደግሞ ይህን መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካበቃበት ጊዜ አንሥቶ በ15 የሥራ ቀናት ይገድበዋል። ሽምግልና የሚበላው ይህንኑ ጊዜ ነው፤ ሽማግሌ መላክ ነውር የለውም፣ ነገር ግን «ነገ እናስታርቃችኋለን» እየተባለ ሦስት ሳምንት ካለፈ ዕርቁም መብቱም አብረው ይቀራሉ።

የሚገርመው፣ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው የሥራ መሪ ራሱ በዚህ አዋጅ አይጠበቅም፤ እርሱ ሲባረር የሚሟገተው በፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የበታች ሠራተኛው ክስ ሲመሠርትም ተከሳሹ ድርጅቱ እንጂ አለቃው ባለመሆኑ፣ ቅሬታው ከአለቃው በላይ ላለው ኃላፊ አስቀድሞ በጽሑፍ መድረሱ ድርጅቱን «አላወቅንም» ከማለት ይከለክለዋል።