ባለ ዕዳው እንደራሴ

የሕዝብ አደራ የተቀበለ ሰው የቀድሞ ዕዳውን ምን ያደርገዋል? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ስናቀርብ፣ አሜሪካዊው አብርሃም ሊንከን በወጣትነታቸው የፈጸሙትን እናስታውሳለን።

ሊንከን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1832 ዓ. ም. ለኢሊኖይ ግዛት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተወዳድረው አልተመረጡም። ይሁን እንጂ በሚኖሩባት በኒው ሳሌም ከ300 መራጮች 277ቱ ድምፃቸውን የሰጡት ለእርሳቸው ነበር። በዚያው ዘመን ከዊልያም ቤሪ ጋር ተሻርከው በመንደሪቱ ሱቅ ያዙ። ዕቃው በዱቤ የተገዛ ስለ ነበር፣ ንግዱ ሲከስር የተረፋቸው ዕዳ ብቻ ሆነ።

በ1834 ዓ. ም. የአውራጃው ሕዝብ እኚህኑ የከሰሩ ነጋዴ መርጦ ወደ ምክር ቤት ላከ። በ1835 ዓ. ም. ቤሪ ሲሞት የእርሱም ድርሻ በሊንከን ላይ ወደቀ፤ ጠቅላላው ዕዳ 1,100 ዶላር ያህል ነበር። በዚሁ ዕዳ ምክንያት ፈረሳቸውና የመሬት መቀየሻ መሣሪያቸው በሐራጅ ተሸጠ፤ አንድ ወዳጃቸው ገዝቶ መለሰላቸው። ሊንከን ግን እንደራሴነታቸውን መሸሸጊያ አላደረጉትም፤ አገር ለቀውም አልጠፉም። ብዙ ዓመት ቢፈጅባቸውም ከፍለው ጨረሱ። ሕዝቡም አራት ጊዜ በተከታታይ መረጣቸው።

እኛ ከዚህ የምንረዳው፣ ሥልጣን ሰውን ከዕዳ ነፃ እንደማያወጣው፣ ይልቁንም ሌላ ዕዳ እንደሚጨምርበት ነው። የሱቅ ዕዳ በገንዘብ ይከፈላል፤ የሕዝብ እምነት ግን የሚከፈለው በሥራ ነው። በጽሕፈት ቤቱ የተቀመጠ ወጣት ሁሉ፣ ባለ ጉዳይ በሩን ሲያንኳኳ፣ አበዳሪው ማን፣ ባለ ዕዳውስ ማን እንደ ሆነ ያስብ።