«ሊጀመር ሲል» እና «ሊያልቅ ሲል»

ሊጀመር ሲል የቀረ ሥራና ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የተቋረጠ ሥራ አንድ አይደሉም። አማርኛችን ይህን አጥርቶ ይለያል፤ ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግረው ግን ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በመንገድ ይጠፋብናል።

በደብረ ኤልያስ አንድ ወጣት ጸሐፊ ለውጭ አገር ረጂ ድርጅት ደብዳቤ እንዲጽፍ ታዘዘ እንበል። ጉዳዩ «የትምህርት ቤቱ ጣራ ሊከደን ሲል ክረምቱ ገባ» የሚል ነው፤ አንድም ቆርቆሮ ገና አልተመታም። ጸሐፊው «ዋዝ ኒርሊ ሩፍድ» ብሎ ቢጽፍ ግን፥ አንባቢው ጣራው ተከድኖ ጥቂት ብቻ እንደ ቀረው ይረዳል፤ የሚላከውም ርዳታ በዚያው መጠን ያንሳል። ትክክለኛው «ዋዝ አባውት ቱ ቢ ሩፍድ» ነበር።

እንግዲህ ነገሩን በየወገኑ እንለይ። ሊጀመር ሲል ለተቋረጠው «ዋዝ አባውት ቱ» ወይም «ዋዝ ኦን ዘ ፖይንት ኦቭ» ይባላል፤ «ዌን» የምትለው ቃል ተከትላ ያቋረጠውን ነገር ታመጣለች። «ልጽፍ ስል ተጠራሁ» ለማለት «አይ ዋዝ አባውት ቱ ራይት ዌን አይ ዋዝ ኮልድ» እንላለን። እዚህ ላይ «ስል» የምትለውን ቃል የንግግር «አልሁ» አድርጎ የሚተረጉም ተማሪ ይሳሳታል። በመጻፍ ላይ ሳለን ከተጠራን «አይ ዋዝ ራይቲንግ»፥ ልንጨርስ ጥቂት ሲቀረን ከተጠራን ደግሞ «አይ ሃድ ኒርሊ ፊኒሽድ» ነው። «ዋዝ ጎይንግ ቱ» ሐሳብን ብቻ ሊገልጽ ይችላል፤ ሐሳቡም ከሥራው ሰዓት ብዙ ቀን የራቀ ሊሆን ይችላል። «ልወድቅ ነበር» ብለን ከአደጋ መትረፋችንን ስንናገር «አይ ኒርሊ ፌል» ይበቃል።

ይህ ጥንቃቄ ለደብረ ኤልያስ ልጅ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ይኸው ነው። የቅኔ ተማሪ የአንዱን ግሥ እርባታ ሳያጠራ ወደ ሌላው አያልፍም። ያው ትዕግሥት ለባዕድ ቋንቋም ያገለግላል።

ወጣቶች ሆይ፥ ከመተርጐማችሁ በፊት ሥራው የት ላይ እንደ ቆመ በአማርኛ ጠይቁ። ያልተጀመረውን ሊያልቅ ነው ብሎ የሚጽፍ ብዕር፥ ባለማወቅም ቢሆን፥ ሐሰት ተናግሯል፤ በክረምት ጣራ አጥተው የሚቀመጡትም ሕፃናቱ ናቸው።