ጠርዙን አትቁረጡት

የእናቴ አጎት የሞቱት እኔ ሳልወለድ ነው። ቤታችን ውስጥ ስለ እሳቸው የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ነጋዴ ነበሩ፣ ጎጃምን በእግራቸው አካልለውታል፣ ፎቶግራፍ የላቸውም። ባለፈው ክረምት ሌላ ነገር ስፈልግ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ካስቀመጣቸው የመመረቂያ ጽሑፎች መካከል፣ በ1970ዎቹ የተሠራ የአንድ የጎጃም ገበያ ታሪክ አገኘሁ። የግርጌ ማስታወሻዎቹን ሳነብ ስማቸውን ከነአባታቸው አየሁት። አንድ ጊዜም አይደለም፣ አሥራ አንድ ጊዜ። ተማሪው ገበያው በየትኛው ቀን ይቆም እንደነበር፣ ቀረጡን ማን ይቀበል እንደነበር፣ ነጋዴው ዓባይን በየትኛው ወር ይሻገር እንደነበር ሲጽፍ ምስክር አድርጎ የሚጠራው እሳቸውን ነበር።

የታሪክ ትምህርት ክፍል ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው መጨረሻቸው ላይ ምን እንደሚገኝ ያውቃል። የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አለ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ ከዚያ ደግሞ ተማሪው ስለ ሰውየው የታዘባት አንዲት መስመር። ወደ መጨረሻው ገጽ ሮጥኩ። የለም። ፋይሉ ዋቢ መጻሕፍቱ ላይ ያበቃል። ስካን ያደረገው ሰው “ዋናው ነገር አልቋል” ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ የቀሩትን ገጾች ትቷቸዋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ቅርስ በዲጂታል ሲቀመጥ ቀድሞ የሚቆረጠው ጠርዙ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኘው ነገር ያለው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው።

የብራና መጻሕፍትን ተመልከቱ። አንድ የዮሐንስ ወንጌል ከሌላው የዮሐንስ ወንጌል በንባቡ እምብዛም አይለይም። ህዳጉና ባዶ የተተዉት ቅጠሎች ግን የዚያች የአንዲት ደብር ብቻ ናቸው። አባቶቻችን ውል ሲዋዋሉ፣ ርስት ሲሸጡ፣ ጉልት ሲተከል፣ የሚያጽፉት በደብሩ ወንጌል ላይ ነበር፤ ወንጌል ላይ የተጻፈን ማንም ደፍሮ አይፍቅም ብለው። እገሌ ለእገሌ ይህን ያህል መሬት በዚህን ያህል ወርቅ ሸጠ፣ ምስክሮቹ እነ እገሌ፣ ዳኛው እገሌ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተመራማሪ ዶናልድ ክራሚ የጎንደርን ዘመን የመሬት ሥሪት ያጠናው፣ ከባልደረቦቹ ጋር በየደብሩ እየዞረ እንዲህ ያሉትን ጽሑፎች ፎቶ በማንሳት ነው። እኔን ደግሞ የበለጠ የሚገርመኝ ቋንቋው ነው። መሐሉ ላይ ያለው ቅዱስ ንባብ ግእዝ ሆኖ ሳለ፣ የጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ በብዛት የሚጻፈው በአማርኛ ነበር። ዛሬ የምንጽፍበት ቋንቋ ብራና ላይ እግሩን ካሳረፈባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ በሌላ ቋንቋ መጽሐፍ ጥግ፣ ስለ መሬትና ስለ ወርቅ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌልም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1280 ወይም በ1281 አበ ምኔቱ ለገዳሙ ያበረከቱት። የታሪክ ሰዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ግን ማስታወሻዎቹን ነው። ገዳሙ የነበሩት መጻሕፍት ስም ዝርዝር ሳይቀር ተጽፎበታል። በዚያ ዘመን መነኮሳቱ ምን ምን ያነብቡ እንደነበር የምናውቀው አንድ ሰው ባዶ ብራና አግኝቶ ስለቆጠረልን ነው።

ይህን መጽሐፍ ዛሬ ሐይቅ ድረስ ሳይሄዱ ማየት የሚቻለው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረ ሥራ ነው። አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ማዕከል ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ፣ ዘጠኝ ሺህ ገደማ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አስነሣ፤ ብዙዎቹም አሁን በኢንተርኔት ይታያሉ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ በቀይ ቀለም የተጻፉት ቅዱሳት ስሞች ደብዘዝ ብለው ነው የሚታዩት፤ ያ ያሳዝነኛል። ደግነቱ ባዶ ቅጠሎቹን አልናቋቸውም። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ጌታቸው ኃይሌ መጡ።

ፕሮፌሰር ጌታቸው በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ አሜሪካ የሄዱ ሊቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ አሥርት ዓመታትን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እነዚያን ፊልሞች ሲያነቡና ሲዘረዝሩ ኖሩ። ካታሎጋቸውን የከፈተ ሰው መጽሐፉ ስንት ቅጠል እንደሆነና ምን ንባብ እንደያዘ ብቻ ሳይሆን፣ እዚህ ቅጠል ላይ የመሬት ውል አለ፣ እዚያ ደግሞ የመጽሐፉ ባለቤት ስም ተፍቆ ሌላ ገብቶበታል የሚል ያገኛል። ካሜራው ገጹን አነሣ፤ እሳቸው ግን ገጹ የማን እንደሆነ ነገሩን። እንዲህ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ከሌለ ሚሊዮን ምስል ቢከመር ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያሰባሰበውን “መዝገበ ሥዕላት” ስመለከትም ዓይኔ የሚሄደው ወደ ታች ነው። ማይክል ጀርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ ከአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳና ከብራና ያሰባሰቧቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች አሉበት። እመቤታችን ልጇን አቅፋ ከላይ ትታያለች። ከእግሯ ሥር በግንባሯ ተደፍታ ያለችው ግን ሥዕሉን ያሠራችው ሴት ናት። እንዴት እንደተማኅፀነች ከነስሟ ተጽፏል። የቀሚሷ ጥለት፣ የፀጉሯ አሠራር፣ ያጠለቀችው አልቦ ሳይቀር ይታያል። ፖስት ካርድና ቀን መቁጠሪያ የሚያትሙ ሰዎች ይህቺን ሴት ቆርጠው ይጥሏታል። ገንዘቧን አውጥታ ያሠራችው እሷ ነበረች።

እንግዲህ አቤቱታዬ ይኸው ነው። በየዩኒቨርሲቲያችን አሁን ብዙ ወረቀት ስካን እየተደረገ ነው፤ ደስ ይለኛል። ግን ሥራው የሚለካው በተነሣው ጽሑፍ ብዛት ስለሆነ፣ የሚሠሩት ልጆች ሽፋኑን፣ ባዶውን ገጽ፣ አባሪውን፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጫረውን ቢዘሉ የሚጠይቃቸው የለም። ከሽፋን እስከ ሽፋን ይነሣ። ዝርዝሩም ባለቤቱ ሊፈልገው በሚችል ፊደል ይጻፍ። ብዙዎቹ የውጭ ካታሎጎች የሰዎቻችንን ስም ነጥብና ጭረት በበዛበት የላቲን ፊደል ነው የሚመዘግቡት፤ የሐይቅ መነኩሴ የገዛ ገዳሙን መጽሐፍ በዚያ እንዴት ይፈልገው? በአማርኛ የሚጻፈውም ቢሆን “ኃይሌ” እና “ሀይሌ” ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ታስቦበት ይሠራ። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ሰው ተቀምጦ እንዲያነብ ጊዜ መስጠት ብቻ ነው።

እኔም ወረቀቱን ራሱን ፍለጋ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። የመደርደሪያው ሠራተኛ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው ሰጡኝ። በጽሕፈት መኪና የተመታ፣ ገጹ የወየበ። መጨረሻው ላይ ዝርዝሩ አለ፤ ሦስት ገጽ። የእናቴ አጎት ሰባተኛው ናቸው። ዕድሜ 78። የተጠየቁበት ወር ጥር። በመጨረሻዋ ዓምድ ተማሪው የበቅሎ ነጋዴ እንደነበሩ፣ ዓይናቸው ቢደክምም የገበያውን ነገር አጥርተው እንደሚያስታውሱ ጽፏል።

ኮፒ አስደርጌ ለእናቴ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ደጋግማ አነበበችው። “ሰባ ስምንት!” አለች፤ ዕድሜያቸውን ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቀጥላ ጣቷን መጨረሻዋ ዓምድ ላይ አሳረፈች። “የበቅሎ ብቻ አይደለም፤ አሞሌም ይነግዱ ነበር። እስክሪብቶ አምጪና እዚህ ጎኑ ላይ ጻፊበት።”

ጻፍኩበት።