ባል አልፈርምም ካለ

አንዲት እህታችን ለትምህርት አሜሪካ ሄዳ የአገሩን ዜጋ አገባች። «ባሌ ፈታኝ፤ ለግሪን ካርዱም አልፈርምልሽም አለኝ። መባረሬ ነው?» ስትል ጠይቃናለች።

እህታችን፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ትዳሩ 2 ዓመት ሳይሞላው የተገኘ ግሪን ካርድ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው። ቋሚ እንዲሆን ባልና ሚስት አብረው ያመለክታሉ። ባል እምቢ ቢልም ትዳሩ የእውነት እንደነበረ የምታስረዳ ሚስት አይ-751 በተባለው ቅጽ ብቻዋን ማመልከት ትችላለች።

ብዙ እህቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፦ በኢማም ፊት የተሰጠ ጦላቅ ዒዳሽን ያስጀምራል እንጂ ለኢሚግሬሽን ማስረጃ አይሆንም። የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ያስፈልግሻል። የቤት ኪራይ ውሉን፣ የጋራ የባንክ ሒሳቡን፣ የግብር ወረቀቱን፣ የኒካሑን ፎቶግራፍ ሳይቀር ሰብስቢ። (ፎቶውን በንዴት የምትቀዱ እህቶች፣ ኧረ ተዉ!) ድብደባ ከነበረ ግን ፍቺው ባያልቅም ማመልከት ይቻላል።

ግሪን ካርዱ ሳይሰጥ የተፈታች እህት በባሏ በኩል የገባው ማመልከቻ ይወድቅባታል፤ የተማሪነት ፈቃዷን ሳታበላሽ ከቆየች ግን ትምህርቷን መቀጠል ትችላለች። «ለወረቀት ብቻ ሌላ እሰሪ» የሚሉሽን አትስሚ፤ የይስሙላ ጋብቻ መሆኑ ከተረጋገጠ ነገ በእውነተኛ ባል በኩል ለማመልከት እንኳ በሩ ይዘጋል። ቀኑ ሳያልፍ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ።

ወላሁ አዕለም።