ልኳ ያልሆነ ጫማ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፍቅር አይደለም... ቆይ ቆይ፣ ገጹን አትግለጡት! ነገሩ ከፍቅር ብዙም አይርቅም። ስለ መኪና ነው። መኪና ደግሞ፣ በተለይ ለኛ ለወንዶቹ፣ እንዴት አድርጎ ልብ እንደሚያሸፍት የደረሰበት ያውቀዋል።

ደብዳቤው የመጣው ከገርጂ አካባቢ ነው። ጸሐፊው ዕድሜው 24 መሆኑን ነግሮኛል። "ስሜን አደራ!" ስላለኝ ስሙ ከኔ ጋር ይቀራል። ዱባይ የምትሠራ ታላቅ እህት አለችው። እህቱ ስድስት ዓመት ሙሉ ለፍታ፣ ለቤተሰቡ አንዲት የ2008 ሞዴል ራቭ ፎር ገዝታለች። ልጁ መኪናዋን ይነዳል፣ ያከራያል። በሚገኘው ገንዘብ የእናቱ አስቤዛና የትንሽ ወንድሙ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፈናል።

ታዲያ ጀለሶቹ መኪናዋን "የአክስት መኪና!" እያሉ ይስቁበታል። ልጁ ነደደው። አንድ ሱቅ ገብቶ ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ከነጎማው አየና ልቡ ቀረ። ጎማው ላይ 265/50አር20 የሚል ተጽፏል። ሻጩም "ትገባለች ወንድሜ፣ ምንም አታስብ! የድሮውን ቸርኬህን ደግሞ እኔው እገዛሃለሁ" አለው። እናም እንዲህ ሲል ይጠይቀኛል፦ "ላስገጥም ወይስ ልተው? ካስገጠምኩስ ለእህቴ መንገር አለብኝ?"

ወንድሜ፣ እኔ መካኒክ አይደለሁም። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ በብዕር የምውል ሰው ነኝ። ይህን ትምህርት ግን በገንዘብ ተምሬዋለሁ። ያውም በራሴ ሳይሆን በታላቅ ወንድሜ ገንዘብ!

ወንድሜ እንዳንተው ራቭ ፎር ነበረችው። ለሥራው ክፍለ ሀገር የሚወጣባት የእንጀራው መኪና ናት። የጓደኛዬ ሰርግ ደረሰና እኔ ሚዜ ሆንኩ። "በዚህች ቀጭን እግር ልንታጀብ ነው እንዴ?" እያልኩ ጨቀጨቅሁት። የፈረደበት ወንድሜ እሺ አለኝ። አንተ ያየኸውን ዓይነት ባለ 20 ኢንች አስገጠምን። የፋብሪካውን ባለ 17 ኢንች እዚያው ሸጥነው። ምን አለፋችሁ፣ መኪናዋ ፏ አለች! ቦሌ ላይ ሁለት ዙር ዞርን፣ ሰው ዞር እያለ አየን፣ እኛም ቀብረር አልን።

የሰርጉ ቀን አምስት ሆነን ገባንባት። አደባባይ ላይ መሪው ሲጠመዘዝ ከፊት "ጭርርር..." የሚል ድምፅ መጣ። እብጠት መንገድ ስንሻገር ደግሞ ከኋላ። የጎማ ቃጠሎ ሽታ ሽቶአችንን በለጠው። ሙሽራዋ ከፊታችን ሆና አልሸተታትም እንጂ ጉድ ነበር! እኛ ሳቅን። ጎማው ግን እየሳቀ አልነበረም። መኪናዋ ሰው በጫነች ቁጥር የኋላው ጎማ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር እየተፋጨ ትከሻው ተላጠ። ሁለት ወር ሳይሞላው አንድ የክረምት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ፈነዳ።

ዋናው መዘዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዚያን ጎማ ጓደኛ ፈልገን አጣን። ስለዚህ "ይመሳሰላል" የተባልነውን የሌላ ፋብሪካ አንድ አዲስ ጎማ ገዝተን ከሦስቱ ያለቁ ጎማዎች ጋር አሰርን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከኋላዋ የማያቋርጥ እምምታ ጀመራት። ጋራዥ ስትፈተሽ ጉልበቱን ለኋላ እግር የሚያካፍለው ክፍል ተቃጥሏል ተባለ። ዕቃው እስኪገኝ፣ ገንዘቡ እስኪሟላ መኪናዋ ሁለት ወር ቆመች። ወንድሜም ቆመ። አልሰደበኝም። ዝም አለኝ። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

እስቲ አሁን ለምን እንዲህ እንደሆነ እርሳስ ይዘን እንየው። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ አትፍሩ።

የዚያች መኪና የፋብሪካ ጎማ 225/65አር17 ነው። 225 ማለት የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎማው የጎን ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ይህም 146 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 17 ደግሞ የቸርኬው ኢንች ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቸርኬው 432 ገደማ ይመጣል። ከላይና ከታች ያለውን ጎማ ስትደምርበት ጠቅላላ ቁመቱ 724 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን ያንተን 265/50አር20 በዚሁ መንገድ አስላው። 773 ይመጣል! ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ረዘመ፣ በስፋቱም 4 ሴንቲ ሜትር ጨመረ። ቦታው ግን ያው ነው። ያ "ጭርርር" የመጣው ከዚህ ነው።

ባለሙያዎች አዘውትረው የሚመክሩት የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከፋብሪካው ከ3 በመቶ በላይ እንዳይለይ ነው። ያንተው 6.7 በመቶ ይለያል። ትርጉሙ ምንድን ነው? ቆጣሪህ ልክ ከነበረ፣ በአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ 100 ሲልህ አንተ በ107 ገደማ እየሄድክ ነው። ኪሎ ሜትሩም አሳንሶ ስለሚቆጥር የዘይት መቀየሪያህ ሳታውቀው ያልፋል። የከበደና የረዘመ ጎማ ለመነሣትም ለመቆምም ያስቸግራል፤ ነዳጁም በዚያው ልክ ነው። ፍሬንህ የተሠራው ለትንሹ ጎማ ነው። ሰው ጭነህ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርድ ይህን አስበው!

"እንግዲያው ቁመቱን የሚጠብቅ ባለ 20 ላድርጋ!" ትለኝ ይሆናል። አለ፣ 245/45አር20 ቁመቱ 728 ነው፤ ልክ ነው። ነገር ግን የጎን ጎማው ከ146 ወደ 110 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ምቱን የሚውጠው ያ ጎማ ነው። እሱ ሲያጥር ምቱ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ አሞርዛተሩ፣ ከዚያ ወደ ወገብህ ይደርሳል። በአስፋልት ብቻ የሚኖር ይሞክረው። የኛን ሰፈር ኮብልስቶንና የክረምት ጉድጓድ ግን አንተም ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ ወንድሜ መኪና በሽታ ልምጣ። ራቭ ፎር ሁሉ አንድ አይደለችም። አንዳንዷ የምትጎተተው በፊት እግሯ ብቻ ነው። በአራቱም የምትሄደዋ ግን፣ የፊቱ እግር ሲንሸራተት ለኋላው ጉልበት የሚልክ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማያያዣ አላት። ይህ ማያያዣ የፊትና የኋላ እግሮች እኩል ይዞራሉ ብሎ ያምናል። አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ያለቀው ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ቢቀረው፣ በቁመት የ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት አላቸው። ያለቀው በየኪሎ ሜትሩ 6 ጊዜ ገደማ አብልጦ ይዞራል። 80 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ወደ 500 ዙር ትርፍ! ማያያዣው መንሸራተት ያለ እየመሰለው ይለፋል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። በዚህ ነገር ጥብቅ ከሆኑት አንዱ የሱባሩ ፋብሪካ ነው፤ በአራቱ ጎማዎች ዙሪያ መካከል ያለው ልዩነት ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራል።

ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ የነገሩኝን አልረሳውም። "ልጄ፣ በአራት እግሯ የምትሄድ መኪና አራት ጎማ የላትም። አንድ ጎማ አራት ቦታ ነው ያላት" አሉኝ። ምነው ቀደም ብዬ ባገኘኋቸው!

ስኮርታህንም አትርሳው። በኋላ በሯ ላይ የተሰቀለው ባለ 17 ከሆነና እግሯ ባለ 20 ከሆነ፣ ጎማ የፈነዳብህ ቀን የምታስረው የ5 ሴንቲ ሜትር አንካሳ እግር ነው።

ታዲያ ማማር ሐራም ነው? አይደለም! እንዲህ አድርግ፦

አንደኛ፣ በሾፌሩ በር ጉበን ላይ የተለጠፈውን አንብብ። የመኪናዋን ጎማ ልክና ንፋሱን ይነግርሃል። ከሻጩ ይልቅ እሱን እመን።

ሁለተኛ፣ መለወጥህ ካልቀረ በ18 ኢንች አቁም። የዚያው ትውልድ ራቭ ፎር ከፋብሪካው 235/55አር18 አድርጋም ወጥታለች፤ ቁመቱ 716 ነው፣ ከ17ቱ ጋር የሚለየው 1 በመቶ ገደማ ነው። ታምራለች፣ አትፋጭም። አራቱንም፣ ከተቻለ ስኮርታውንም፣ አንድ ዓይነት አድርገህ ግዛ።

ሦስተኛ፣ የቸርኬው ቀዳዳ አምስት ስለሆነ ብቻ "ገጠመ" አትበል። የዚያች መኪና የቡሎን ዙሪያ ልክ 114.3፣ የመሐል ቀዳዳዋ 60.1 ሚሊ ሜትር ነው። የመሐሉ ቀዳዳ ከሰፋ ማጥበቂያ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ አለዚያ መሪው ይንቀጠቀጣል። ዳዶውንም እይ። የቶዮታ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ጠፍጣፋ ማረፊያ አለው፤ ከውጭ የሚገዛው ቸርኬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። ተሳስቶ የታሰረ ዳዶ መንገድ ላይ ይላላል። ትክክለኛውንም አስረህ 100 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ እንደገና አስጠብቀው።

አራተኛ፣ የጎማውን ዕድሜ ጠይቅ። ዲኦቲ ከሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ተከትሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የሚያብረቀርቅ ሁሉ አዲስ አይደለም። የመሸከም ቁጥሩንም እይ፤ 101 ማለት አንዱ ጎማ 825 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ከፋብሪካው ያነሰ አትቀበል።

አምስተኛ፣ የድሮውን ቸርኬ አትሽጥ! "እኔው እገዛሃለሁ" የሚለው ነጋዴ መመለሻ መንገድህን ነው የሚገዛህ። እኛ የሸጥነውን መልሰን ለማግኘት ከሸጥንበት በላይ ከፍለናል።

ይህን ሁሉ ሳትችል ቀርተህ ገንዘቡ በእጅህ ካለ፣ በፋብሪካው ልክ አራት ጥሩ አዲስ ጎማ ግዛ፣ ባላንስና አላይመንት አሠራ፣ ቸርኬውን አስወልውል። መኪናዋ ስትታጠብ ማን "የአክስት" እንደሚላት እናያለን!

ሁለተኛው ጥያቄህ ቀረ። ለእህቴ ልንገር ወይ ብለሃል። ወንድሜ፣ ልትነግራት የምትፈራውን ነገር በመኪናዋ ላይ ማድረግ የለብህም። እነዚያ ጀለሶችህ የሚያዩት ቸርኬውን ነው። እሷ የምታየው ስድስት ዓመቷን ነው። ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፣ በእጅህ ያለችውን መኪና በቀላሉ ትተካታለህ ብለህ አታስብ። እሷ ስትቆም የእናትህ ጓዳም የትንሹ ወንድምህ ክፍልም አብሮ ይቆማል። ዛሬ ማታ ደውልላት። "18 ኢንች እንዲህ አለ፣ ዋጋው ይህ ነው፣ ምን ትያለሽ?" በላት። እሺ ካለችህ በኩራት ንዳ። እምቢ ካለችህም በኩራት ንዳ።

እኔ ለወንድሜ ዕዳውን እስካሁን በየወሩ እየቆረጥኩ እከፍለዋለሁ። ባለፈው ወር ገንዘቡን ስሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀና "አሁንስ ሚዜ የምትሆነው መቼ ነው?" አለኝ። በእግሬ እሄዳለሁ አልኩት!

እናንተስ አንባብያን? ለሰው ዓይን ብላችሁ የከፈላችሁት ዋጋ ካለ ጻፉልኝ። ስማችሁ ከኔ ጋር ይቀራል። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!