«ባልሽን ደብቂ» ለተባለችው እህታችን

ስለ አሜሪካ ፕሮሰስ የምትልኩት ጥያቄ በዝቶ የሣጥኑ መክደኛ አልገጥም ብሏል። አብዛኛው «ወረፋዬ መቼ ይደርሳል?» የሚል ነው። ለእሱ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ቀን ቆርጦ ሊነግራችሁ አይችልም። ዛሬ አንድ ደብዳቤ ላይ ልቆይ ነው። ስም የለውም፤ ይኼ ጥሩ ነው፣ ስምና የኬዝ ቁጥር አትጻፉ ብለን የለ? በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«አባቴ በ2016 ከዚህ ከካኩማ በሪሴትልመንት አሜሪካ ገቡ። እኔ ያኔ ሌላ ኬዝ ላይ ስለነበርኩ ቀረሁ። በ2019 በግሪን ካርዳቸው ፋይል ከፈቱልኝ። ዜግነት ግን አልጠየቁም፤ እንግሊዝኛው ያስፈራቸዋል። አሁን 29 ዓመቴ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ቤተሰብ እሺ ብሏል፣ እጮኛዬም እዚሁ ካምፕ ነው። ሰው ሁሉ ግን ‹ካገባሽ ፋይሉ ይዘጋል፤ በድብቅ አግቢና ባልሽን ደብቂ፣ ስትደርሺ ትወስጂዋለሽ› ይለኛል። ምን ላድርግ?» (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ እኔም ከዚህ በታች በፈረንጅ እቆጥራለሁ።)

እህቴ፣ «ካገባሽ ፋይሉ ይዘጋል» ያሉሽ እውነታቸውን ነው። «ደብቂ» ያሉሽ ግን፣ ክፉ አስበው ባይሆንም፣ ወደ ገደል እየመሩሽ ነው። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

አባትሽ የሞሉት አይ-130 የሚባለውን ፎርም ነው። ይህን ፎርም ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሙላት የሚችለው ለባሉ ወይም ለሚስቱና ላላገቡ ልጆቹ ብቻ ነው። ላገባ ልጅ፣ ለእናትና ለአባት፣ ለወንድምና ለእህት መሙላት የሚችለው ዜጋ የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ አንቺ ያገባሽ ዕለት፣ አባትሽ ገና የግሪን ካርድ ባለቤት ከሆኑ፣ ፋይሉ በራሱ ይወድቃል። ማንም ደብዳቤ መጻፍ፣ ማንም መክሰስ አያስፈልገውም። በኋላ አባትሽ ዜጋ ቢሆኑም የወደቀው አይነሳም፤ እንደ አዲስ ይከፍቱልሻል፣ የ2019ኙ ወረፋ ግን ቀረ ማለት ነው።

ነገሩ የሚለወጠው ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ ነው። አባትሽ በመጀመሪያ ዜጋ ቢሆኑ፣ አንቺ ከዚያ በኋላ ብታገቢ፣ ፋይሉ አይሞትም። ካላገቡ ልጆች ወረፋ ወጥቶ ወደ ያገቡ ልጆች ወረፋ ይዛወራል፣ የ2019ኙን ቀኑንም ይዞ ይሄዳል። ባልሽም ልጆችሽም አንቺን ተከትለው በዚያው ፋይል ይገባሉ። ዋጋ አለው፤ አልደብቅሽም። የዜጋ ያገቡ ልጆች ወረፋ ረጅም ነው፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሚያስጠብቅ። ያላገቡት ወረፋ ያጥራል። ግን ያም ቢሆን የጥቂት ወራት ነገር አይደለም።

ቀለበት ማሰር ጋብቻ አይደለም፤ ሽማግሌ መላክም አይደለም። እጮኛ አለኝ ማለት ፋይል አይዘጋም። ልጅ መውለድም እንዲሁ አይዘጋም፤ ሳታገቢ ብትወልጂ ልጁ በአንቺ ፋይል ተከትሎሽ ይገባል፣ ብቻ እንደተወለደ አስመዝግቢው። (ይህን የምጽፈው ምክር ብዬ አይደለም፣ የንስሐ አባቶቻችን እንዳይቆጡኝ። ልጅ ወልደው «ፋይሌ ይበላሻል» ብለው በእናታቸው ስም ያስመዘገቡ ስላሉ ነው።)

አሁን ወደ ድብቁ ነገር። «በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካህ ብቻ ከሆነ፣ የመንግሥት ወረቀት ከሌለ አይቆጠርም» የሚል ወሬ ካምፑን ሞልቶታል። ይቆጠራል እንጂ! አሜሪካኖቹ የሚያዩት ጋብቻው የተፈጸመበት አገር ሕግ ጋብቻ ይለዋል ወይ የሚለውን ነው። ኬንያ ደግሞ በ2014 ባወጣችው የጋብቻ ሕግ የክርስቲያኑንም፣ የእስላሙንም፣ የባህሉንም ጋብቻ ታውቃለች። ቆንስሉ ፊት «አግብተሻል?» ስትባዪ «አላገባሁም» ካልሽ ውሸት ነው። ቪዛ ለማግኘት ብሎ እንዲህ ባለ ዋና ነገር ላይ የዋሸ ሰው ቅጣቱ የአንድ ዓመት ወይም የሁለት ዓመት አይደለም፤ ለዕድሜ ልክ መከልከል ነው። ምሕረት የሚጠየቅበት መንገድ ቢኖርም ጠባብ ነው።

እንበልና አለፈልሽ፣ ገባሽ። ከዚያ «ባሌን ላምጣ» ብለሽ ፎርም ስትሞዪ የጋብቻው ቀን ይጠየቃል። እውነተኛውን ቀን ከጻፍሽ ስትገቢ መዋሸትሽን በገዛ እጅሽ ፈርመሽ ሰጠሻቸው። ሌላ ቀን ከጻፍሽ ውሸቱ ሁለት ሆነ። እዚህ ደግሞ ማኒፌስቱ አለ፤ የቤተሰቡ ቁጥር፣ ራሽኑ፣ ልጁ የተወለደበት የክሊኒክ ካርድ ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። ጉዳዩ ከዓመታት በኋላ፣ ዜግነት ስትጠይቂ እንኳ ሊነሳና እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። «ስትደርሺ ትወስጂዋለሽ» የሚለው ምክር የሚሠራው በእውነት ሳታገቢ ለሄድሽና ተመልሰሽ መጥተሽ ላገባሽ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንዲት እናት የጻፉትን ሌላ ደብዳቤ ላንሳ፣ ነገሩ ዘመድ ነውና። የሟች እህታቸውን ልጅ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ አሳድገዋል፣ «ልጄ» ብለው አስመዝግበዋታል። «እውነቱን ብናገር ይነጥቁኛል?» ይላሉ።

እማማ፣ የ2008ቱን ነገር ያስታውሱ ይሆናል። ያኔ አሜሪካ የገባ ስደተኛ ቤተሰቡን የሚያስመጣበት «ፒ-3» የሚባል መንገድ ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ፣ ቀጥሎም ኢትዮጵያና ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ውስጥ የዲኤንኤ ምርመራ ጀመሩ። አብዛኞቹ ተመርማሪዎች ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የተባለው ዝምድና በሙሉ የተረጋገጠው ከመቶ ቤተሰብ ከ20 ባነሱት ነው። ያልቀረቡና እምቢ ያሉም እንዳልተረጋገጡ ተቆጥረዋል፣ ስለዚህ ቀሪው ሁሉ ውሸታም ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን ፕሮግራሙ በዚያው ዓመት ቆመ፤ እስከ 2012ም አልተከፈተም። ስንቱ የእውነት እናት፣ ስንቱ የእውነት ባል በሌላው ሰው ፎርም ምክንያት አራት ዓመት ቁጭ አለ!

በእኛ ዘንድ ያሳደጉት ልጅ ልጅ ነው፣ «የእንጀራ» ወይም «የእህት» እያሉ መለየት ነውር ነው። ፎርሙ የሚጠይቀው ግን ማን ወለደ የሚለውን ነው። «የወለድኳት» ብለው ዲኤንኤው «አይደለም» ካለ፣ ልጅቷ ብቻ ሳትሆን ሌሎቹ የወለዷቸውም ይጠረጠራሉ። «የእህቴ ልጅ ናት፣ እናቷ ሞታ እኔ አሳደግኋት» ካሉ ግን ምርመራው የሚያፈርሰው ቃል የለም። በዩኤንኤችሲአር ዘንድ የእንደዚህ ያለ ልጅ ጥቅም የሚመረመርበት አሠራር አለ፤ ያሳደገ ሰው ስላሳደገ አይነጠቅም፣ እንዲያውም አብረው መኖራችሁ ይጻፍላችኋል። በአይ-130 መንገድ ግን ይከብዳል፤ የጉዲፈቻ ልጅ ተብላ የምትገባው 16 ዓመት ሳይሞላት በሕግ ጉዲፈቻ ተደርጋ፣ ሁለት ዓመት በአሳዳጊዋ ሕጋዊ ኃላፊነት ሥር አብራ ከኖረች ነው። ለማንኛውም ቢሮ ሄደው ያስተካክሉ። ኢንተርቪው ከመጠራትዎ በፊት ራስዎ ያስተካከሉት ስህተት ነው፤ ኢንተርቪው ላይ እነሱ ያገኙት ማታለል ይባላል።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር ልበል። ጥር 5 ቀን 1998 በእኛ የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 13 ቀን 2006 ነው የተወለደችው። መዝጋቢው «1998» ብሎ ዝም ብሎ ከጻፈ በወረቀት ላይ ስምንት ዓመት አረጀች። 21 ዓመት የሞላውና ያልሞላው ልጅ ወረፋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በ2002 የወጣ የልጆች ሕግ አንዳንዱን ልጅ ከዚህ ያድነዋል፤ የሚያሰላው ግን ከተጻፈው የልደት ቀን ተነስቶ ነው። ማኒፌስታችሁን አውጡና ዛሬውኑ እዩት።

«ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ አሜሪካ ተዘግቷል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የስደተኞች ማስፈሪያ ፕሮግራሙ በጃንዋሪ 2025 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ቆመ፤ ለ2026 በጀት ዓመት የተፈቀደውም ለመላው ዓለም 7,500 ሰው ብቻ ነው፣ አብዛኛው ለደቡብ አፍሪካ ነጮች የታሰበ። በጁን 2025 ደግሞ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን ካሉበት 12 አገሮች መግባት ተከለከለ። ከጃንዋሪ 21 ቀን 2026 ጀምሮም ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ቆመ። ይህ ጋዜጣ እጃችሁ እስኪገባ ሊለወጥ ስለሚችል፣ አሜሪካ ያለው ዘመዳችሁ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ገጽ ከፍቶ ይመልከትላችሁ። በዚህ መሐል «ለአንተ ብቻ በውስጥ መንገድ ክፍት ነው» ብሎ ሽልንግ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ሌባ ነው። የአይ-130 ክፍያ የሚከፈለው አሜሪካ ባለው ሰው ለአሜሪካ መንግሥት ነው እንጂ ካምፕ ውስጥ ለማንም አይደለም።

ቪዛ መስጠት ቆመ ማለት ግን የወረፋ ቀን ተሰረዘ ማለት አይደለም። የ2019ኙ ቀንሽ የ2019 ነው፣ እህቴ፤ በሩ ሲከፈት የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ስለዚህ ይህን ጊዜ ለአባትሽ ዜግነት እንጠቀምበት። እኔን ከጠየቅሽኝ የአንቺ ነገር የተያዘው አንቺም እጮኛሽም ጋ ሳይሆን እሳቸው ጋ ነው። በስደተኛነት የገባ ሰው ግሪን ካርዱ የሚቆጠረው አሜሪካ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው፣ ለዜግነት ደግሞ አምስት ዓመት ይበቃል። አባትሽ ከ2021 ጀምሮ ማመልከት ይችሉ ነበር ማለት ነው። በራሳቸው ቋንቋ ልፈተን ካሉ 55 ዓመት ሞልቷቸው በግሪን ካርድ 15 ዓመት መኖር አለባቸው፤ ያ ለእሳቸው 2031 ነው። ያን ያህል አትጠብቂም።

ፈተናው እንደሚፈሩት አይደለም። ከሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር አንዱን ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን መጻፍ፣ ከዚያ ስለ አሜሪካ ታሪክና መንግሥት በቃል መመለስ ነው። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ ላመለከተ ሰው ከ128 ጥያቄዎች እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12ቱን ከመለሰ አለፈ። ቢወድቁ አንድ ጊዜ እንደገና ይፈተናሉ። ጥያቄውም መልሱም አስቀድሞ በነጻ ይታደላል፤ የተደበቀ ነገር የለውም።

ሠርጉን ለእጮኛሽም ለሽማግሌዎቹም በግልጽ አስረድተሽ አቆዪው፤ ቀለበቱ ይበቃል። ለአባትሽም ደውይና «ዜግነት ውሰድ ይሉሃል» ብቻ ብለሽ አትዝጊ፤ የቀረሽ እሳቸው መሐላ እስኪፈጽሙ ብቻ እንደሆነ ንገሪያቸው። 128ቱን ጥያቄ ከቢሯችን አትመን እንሰጥሻለን። ማታ ማታ ኔትወርኩ ሲሻል በስልክ አምስት አምስት ጠይቂያቸው፤ በ26 ቀን ታዳርሻቸዋለሽ፣ ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሪ።